ደርሷል አለቻቸው

አማክ ኢሞምዶድ ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ሲገቡ አስተማሪዋ ሳቭሳን የምድጃውን አመድ እየጠረገች ነበር። ሰላምታ አልሰጧትም። በሩን ከኋላቸው ዘግተው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ የተማሪዎቹ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ጨብጠው ያዙ። መንደሩ ሁሉ አማክ፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ከእሳቸው በፊት ቀልዳቸው ነበር የሚገባው። ዝምታቸውን ስታይ፣ ነገሩን ገና ሳትሰማ፣ አካፋውን መሬት አስቀመጠች።

«ሾድሞን ሞቷል፣ ልጄ» አሏት።

ሳቭሳን ተነስታ ጥግ ካለው ባልዲ ውኃ ቀዳችና እጇን ታጠበች። አመዱ ለቆ ካለቀ በኋላም መታጠቧን አላቆመችም። ከዚያ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሾድሞን የእሳቸው አንድያ ልጅ ነበር። ሩሲያ ለሥራ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ከመሄዱ በፊት በነበረው መኸር፣ የእሱም የሳቭሳንም ቤት ጣሪያ ላይ አፕሪኮት እንዲደርቅ ተሰጥቶ ሳለ፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እየተነጋገሩ ነበር ፍሬውን የሚገለብጡት። «የመኖሪያ ወረቀቴ ይለቅልኝ እንጂ መጥቼ እወስድሻለሁ። አግብተሽ ካገኘሁሽ ግን ሠርግሽ ላይ እየጮህኩ አልቅሼ ነው የማዋርድሽ» ብሏት ነበር። ሽማግሌ አልተላከም፣ ቀለበት አልተሰጠም። መጀመሪያ አካባቢ ይደውልላት ነበር። በኋላ አንድ ክረምት ላይ ድንገት አቆመ። እሷም ደውላ «ምነው ጠፋህ?» ብላ ለመጠየቅ ኩራቷ አልፈቀደላትም። ሆኖም የመጣላትን ሰው ሁሉ በሆነ ባልሆነው እየመለሰች ቆየች። ምክንያቱን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር።

«እንዴት ሞተ?» አለች በመጨረሻ።

«ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ። ፓስፖርቱ አሠሪው ጋ ነበር አሉ፤ አሠሪው ደግሞ ነገሩን ሲሰማ ጠፋ። እና አሁን አስከሬኑ ሆስፒታል ተኝቶ ባለቤት የለውም። ልጄ ነው ብል አያምኑኝም። ወረቀት ላክ ነው የሚሉኝ።» ከኪሳቸው ባለ ቁልፍ ስልካቸውን አወጡ። «እዚያ ያለ የሀገራችን ልጅ ነው የነገረኝ። ጉልቤክ ይባላል። የሚለው ነገር አልገባኝም፤ አንቺ አናግሪው።»

የጉልቤክ ድምፅ እየተቆራረጠ ነበር የሚመጣው። የታመሙትንና የሞቱትን የሀገሩን ልጆች ጉዳይ ተከታትሎ የሚያስፈጽም ሰው ነው።

«የአባትየው ፓስፖርት፣ የልጁ የልደት ወረቀት፣ ፊቱ በደንብ የሚታይበት ፎቶ» አላት። «ሦስቱንም በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ትጭኛለሽ።»

«በኢሜይል ልላክልህና አንተ አትሰጣቸውም?»

«አይቀበሉኝም፣ እህቴ። በድረ ገጹ ካልሆነ ዓይናቸውን አያነሱም። ሲያልቅ ቁጥር ይሰጥሻል፣ እሱን ለእኔ...» መስመሩ ተንኮሻኮሸ። «...ፍጠኑ ብቻ። ጠያቂ የሌለውን ብዙ አያቆዩም።»

በዚያ የታጂክ ተራራ ሸለቆ የእጅ ስልክ ድምፅ ያስተላልፋል እንጂ ኢንተርኔት አያመጣም። ኢንተርኔት የነበረው እዚህ ክፍል ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ ባለ ሳህን አማካይነት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን። ኮምፒውተሮቹን አንድ የእርዳታ ድርጅት ያመጣቸው ሳቭሳን ራሷ እዚህ ተማሪ ሳለች ነው። ብዙዎቹ ሞተዋል። በሕይወት የቀረው አንዱም አዲስ ብራውዘር ሲጭኑበት እምቢ ይላል፤ የሚያውቀው ያንኑ አብሮት የመጣውን ነው።

ሳቭሳን ወረቀቶቹን በስካነር አነሳች። የሾድሞንን ፎቶ ደግሞ አባቱ ያመጡትን አልተጠቀመችም፤ ፊቱ የደበዘዘ ነበር። «እኔ ጋ የተሻለ አለ» አለችና ከራሷ ፋይሎች መካከል፣ ማንም እንዳይጠረጥረው «የፈተና ጥያቄ» ብላ ከሰየመችው ማኅደር ውስጥ፣ አንድ አወጣች። ጣሪያው ላይ ሆኖ በፀሐይ ዓይኑን ያጨነቆረበት ነው። አማክ ኢሞምዶድ አዩት፤ ከየት አመጣሽው ብለው ግን አልጠየቋትም።

ድረ ገጹ መጀመሪያ ጭራሽ አልከፈት አለ። «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ደጋግማ ሞከረች። በኋላ ዓይኗ የኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ አረፈ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃ ነበርና መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ እንዲህ ያሉ ገጾች በር ይዘጋሉ።

«ምን ሆነብሽ?»

«ዓመቱን ተሳስቷል፣ አማክ። ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ሾድሞን እዚህ የነበረበት ነው» አሉ። ከዚያም፣ «እዚያው ብትተዪው ይሻል ነበር» አሉ።

ሳቭሳን ቀኑን አስተካከለች። ገጹ ተከፈተ። ፎቶው ትልቅ ነው ብሎ መለሰባት፤ አሳነሰችው። የልደት ወረቀቱን በታጂክ ፊደል ሰይማው ስለነበር ስሙን ሊያነበው አልቻለም፤ በላቲን ፊደል ቀየረችለት። አሁን አረንጓዴዋ መስመር መንቀሳቀስ ጀመረች፤ መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። ነፋሱ ሳህኑን ነካክቶት ነው። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ቆመች።

«እንደ አህያዬ ነው ማለት ነው» አሉ አማክ ኢሞምዶድ፤ ለመቀለድ መሞከራቸው ነበር። «ድልድዩ መሃል ሲደርስ ይቆማል። እሱን እንኳ እሰድበዋለሁ። ይሄ ምን ተብሎ ነው የሚሰደበው?»

«ሁሉንም ስድብ ያውቃል። እዚህ ሰባተኛ ክፍሎች ናቸው የሚማሩበት።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ አለ። መስመሯ ከዳር እስከ ዳር ሞላች። ከዚያ ገጹ ነጭ ሆነ። ጽሑፍ የለ፣ ምልክት የለ፣ ነጭ ብቻ። ሳቭሳን እጇን ማውዙ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እስካሁን ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ቀይ ጽሑፍ ይመጣባት ነበር፤ አሁን ግን ቀይ የሚባል የለም። ጉልቤክ ስለ ቁጥር የሆነ ነገር ማለቱ ትዝ አላት። ቁጥሩን ፍለጋ ገጹን ወደ ታች ሳበችው፤ የሚሳብ ነገር የለውም። ወደ ጉልቤክ ደወለች፤ መስመር የለም። ወደ ኋላ ብትመልሰው ደግሞ የተጫነውን እንዳታጠፋው ፈራች።

አማክ ኢሞምዶድ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ፊቷን ነበር የሚያዩት፣ ማያውን አልነበረም።

«ደረሰ?» አሏት።

«ደርሷል፣ አማክ።»

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ዳበሱና መረቋት።

*

መንደሩ በማግስቱ ተነሳ። ወንዶቹ ከሾድሞን እናት መቃብር አጠገብ ለመቆፈር ወጡ። መሬቱ ከላይ በውርጭ መጠጠር ጀምሮ ስለነበር መጀመሪያ እሳት አነደዱበት። ሴቶቹ የኢሞምዶድን ቤት አጠቡ፤ ዱቄት ከየቤቱ መጣ፤ አንድ በግ ተለይቶ ታሰረ። የመንደሩ ኸሊፋ፣ ጸሎት የሚመሩት ሽማግሌ፣ ማታ የሚዘምሩትን ሰዎች መርጠው አሳወቁ። አስከሬኑ በአውሮፕላን ዋና ከተማው ዱሻንቤ እስኪደርስ፣ ከዚያም ተራራውን አቋርጦ እስኪመጣ ሁሉም እንዲዘጋጅ ነበር ሐሳቡ።

ሳቭሳን ከሴቶቹ ጋር ሊጥ ታቦካለች። ጎረቤት ከሚያለቅሰው በላይ እንዳታለቅስ ትጠነቀቅ ነበር። ጎረቤት ለሚያለቅሰው ልክ ግን መለኪያ አላገኘችለትም፤ አንዴ በዝቶባት ደንግጣ ስታቆም፣ አንዴ ደግሞ ድርቅ ብላ ስትቀር ዋለች።

«እቺ ልጅ ሊጡን በእንባዋ ነው እንዴ የምታቦካው?» አለች ዳቭላትሞ የምትባል አፈኛ ጎረቤት። «ጨው አትጨምሩበት እንግዲህ፤ ይበቃዋል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቭሳንም አብራቸው ሳቀች። ዳቭላትሞ ግን ስትስቅ አይታት የራሷን ሳቅ አቆመች፤ ጠጋ ብላም ሊጡን ከእጇ ወሰደችባት። «ሂጂ አንቺ፣ አየር ተቀበዪ» አለቻት ቀስ ብላ።

እየጠበቁ ቀናት አለፉ። ከጉልቤክ ምንም አልተሰማም። ሳቭሳን ሲደውል መስመር አጥቶ ይሆናል አለች። ሲጠይቋት ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ጊዜ ይወስዳል ትላለች፤ ስትናገረው ለራሷም እውነት ይመስላታል። ሌሊት ግን ያ ነጭ ገጽ ዓይኗ ላይ ይመጣባታል። ተነስቼ ልየው ትልና ነገ ትለዋለች። ከነገ ወዲያም አለችው። አይታው አልደረሰም ቢላትስ? የተቆፈረውን፣ የታጠበውን፣ የታሰረውን በግ ምን ልታደርገው ነው?

ጉልቤክ የደወለው አንድ ረፋድ ላይ ነው።

«እህቴ፣ ምነው ዝም አላችሁ? ወረቀቱን እኮ እየጠበቅን ነው።»

«ልኬዋለሁ። የዚያኑ ዕለት ነው የላክሁት።»

«ቁጥሩን ንገሪኛ።»

«ቁጥር... አልሰጠኝም።»

«ምንም አልደረሳቸውም» አለ ጉልቤክ። «አሁን ከዚያው መጣሁ። በስሙ የተከፈተ ነገር የለም።»

ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ሮጠች። ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመችው፤ ቀኑን፣ የፋይሉን ስም፣ የፎቶውን መጠን። መስመሯ ሞላች፤ ገጹ ነጭ ሆነ። ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ ስታየው ቆየች። ነጩ ላይ ማውዙን በዝግታ ስታንቀሳቅሰው አንድ ቦታ ላይ ቀስቷ ወደ ትንሽ እጅ ተቀየረች። የሚጫን ነገር አለ ማለት ነው። እዚያ ነጭ ውስጥ፣ ይህ አሮጌ ብራውዘር መሳል ያቃተው፣ የመጨረሻ ቁልፍ አለ። እሷ ጨረስኩ ያለችበት ቦታ ላይ ድረ ገጹ ገና መልሷን እየጠበቀ ነበር።

ተጫነችው። ምንም አልሆነም። ደጋግማ ተጫነችው።

ወጥታ አማክ ኢሞምዶድን ጠራቻቸው። «ሖሮግ ከተማ መሄድ አለብን» አለቻቸው። «የእኛ ኮምፒውተር አልቻለም።» ከዚያ በላይ አላብራራችም፤ እሳቸውም የሚኒባስ ሾፌሩን ፍለጋ ሄዱ።

መንገዱ የፓንጅን ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል። ሾፌሩ የሐዘን ሰዎች መሆናቸውን አውቆ ሙዚቃውን አጠፋ። አማክ ኢሞምዶድ መስኮቱን ተደግፈው፣ ከወንዙ ማዶ የአፍጋን ገበሬዎች ገለባ በአህያ ሲያጓጉዙ እያዩ ወረዱ። ሳቭሳን ፋይሎቹን የያዘችውን ፍላሽ በመዳፏ ጨብጣ ነበር፤ ሲደርሱ እጇ ላይ ቅርጹ ታትሟል።

ገበያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ሞቅ ያለ ነበር። ባለቤቱ ሻይ ሊያመጣላቸው ወጣ። እስኪመለስ ድረስ ነገሩ አልቆ ነበር። መስመሯ ወዲያው ሞላች፤ ሳቭሳን አይታው የማታውቀው ገጽ መጣ። ወረቀቶቹ ተደርድረው ይታያሉ። የሾድሞን ፊት በፀሐይ ዓይኑን እንዳጨነቆረ አለ። ከሥሩ ትልቅ ሰማያዊ ቁልፍ፤ «አረጋግጣለሁ» ይላል። ተጫነችው። ቁጥሩ መጣ።

«ይኸው ብቻ ነው?» አሉ አማክ ኢሞምዶድ።

«ይኸው ብቻ ነው።»

ደወለችና ቁጥሩን ለጉልቤክ ነገረችው። እስኪያጣራ ደጅ ወጥተው ጉንት ወንዝ ዳር ካለው መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ነበር። ሲደውል ስልኩን እሳቸው አነሱት። ያዳመጡት ጥቂት ነው። «እሺ፣ ልጄ። አንተ ምን ታደርግ። እሺ» አሉና ስልኩን መለሱላት።

«ትናንት ቀብረውታል» አሏት። «ማዘጋጃ ቤቱ። ባለቤት ከሌላቸው ጋር አድርገው። ካሁን በኋላ አይወጣም አሉ።»

ሳቭሳን ልቅሶ አልመጣላትም። የመጣላት ወሬ ነው። ያን ቀን ገጹ ነጭ ሲሆንባት ጥርጣሬ እንደገባት፣ ቁጥር እንዳላየች፣ ፊታቸውን አይታ ደርሷል እንዳለቻቸው፣ ከዚያ በኋላም እያንዳንዱን ሌሊት እያወቀች እንዳላወቀች ሆና እንዳሳደረችው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበች ነገረቻቸው። «እኔ ነኝ እዚያ ያስቀረሁት፣ አማክ። እኔ ነኝ።»

አማክ ኢሞምዶድ ወንዙን እያዩ ሰሟት። ስትጨርስም ዓይናቸውን ወደ እሷ አላዞሩም።

«እሱን እዚያ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ካንቺ በፊት።»

እሷን ለማጽናናት የሚሉት መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

«ስሚኝ። አንድ ክረምት ደውሎ ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ሳቭሳን አለች ወይ አለኝ። ካለች ለናቭሩዝ በዓል መጥቼ አገባታለሁ አለ። የመኖሪያ ወረቀቱ ሊወጣለት ጥቂት ወራት ነበር የቀረው። ያኔ ከወጣ ድንበሩ ላይ ይዘጉበታል፣ ተመልሶ አይገባም። እናቱ ደግሞ ተኝታ ነበር፤ መድኃኒቷ ከእሱ ነው የሚመጣው። እና... አግብታለች አልኩት።»

ሳቭሳን አየቻቸው።

«ወረቀቱን ይጨርስ፣ ያኔ ዋሽቼህ ነበር እለዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ እናቱ ሞተች። እሱም ስለ አንቺ መጠየቁን ተወ። ና ስለው፣ ማን አለ ብዬ እመጣለሁ ይለኛል። እኔ አለሁ አልኩት። አንተማ አለህ፣ አባዬ፣ አለኝ።»

«ሰው ሲመጣልኝ እምቢ ስል ያዩ ነበር» አለች ሳቭሳን። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

«አይሽ ነበር።»

«በየመንገዱ ሲያገኙኝ ልጄ ይሉኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ ሚኒባሱ ብቻ ነው። ሲመለሱ እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ተቀመጡ። ዓይኗን ጨፍና፣ ሾድሞን ስልኩን ዘግቶ ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈለት ልታስብ ሞከረች። ሠርጓ ላይ መጥቶ እየጮኸ ሳያለቅስ፣ ማዶ ሆኖ ብቻውን ነው የጨረሰው። እሷ ደግሞ ረስቶኛል ብላ ስትቆጣው ኖራለች። ደውላለት ቢሆን ኖሮ፤ ኩራቷን ለአንድ ቀን ዋጥ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ደውላለት ቢሆን ኖሮ።

መንደር ሲደርሱ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ ነበር። አማክ ኢሞምዶድ ከመኪናው ወርደው መናገር አቃታቸው። ለሰዉ የነገረችው ሳቭሳን ናት። «ተቀብሯል» አለች። «ወረቀቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ስለ ሌላው ነገር ምንም አልተነፈሰችም።

ኸሊፋው ጸሎቱን ያለ አስከሬን አደረሱ። በልማዱ ለሟች ነፍስ የሚበራው መብራትም በራ፤ ዘማሪዎቹም እስኪነጋ ዘመሩ። በማግስቱ ወንዶቹ የተቆፈረውን ጉድጓድ ምን እናድርገው ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ልብሱ ይቀበርበት አለ።

«ድፈኑት» አሉ አማክ ኢሞምዶድ። «በረዶ ሲሸፍነው በግ ይገባበታል።»

*

ክረምቱን ሳቭሳን እሳቸው በሚሄዱበት መንገድ አልሄደችም። ዳቭላትሞ ሽማግሌው ብቻቸውን መሆናቸውን፣ እሳት እንኳ የማያነዱባቸው ቀናት እንዳሉ እየመጣች ትነግራታለች። «አንቺ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ስትሸሺያቸው እሳቸው ደግሞ ምን አድርገዋት ነው እያለ ነው ሰዉ» አለቻት አንድ ቀን። ሳቭሳን ያን ቀን ከጋገረችው ቂጣ ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልላ ለዳቭላትሞ ሰጠቻት። «ከእኔ ነው እንዳትዪያቸው» አለች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የኮምፒውተሩ ክፍል በር ተንኳኳ። አማክ ኢሞምዶድ ነበሩ። በጣም ከስተዋል። ከሩሲያ የተመለሰ አንድ ሠራተኛ ከጉልቤክ ያመጣላቸውን ፍላሽ ይዘዋል።

«ፎቶ አለበት አሉኝ» አሏት። ልጄ አላሏትም። «ልታወጪልኝ ትችያለሽ?»

ፍላሹን ሰካችው። አሮጌው ኮምፒውተር ሲያንገራግር ቆይቶ ከፈተው። ጭቃ ያለበት ሜዳ ነው። በመስመር የተደረደሩ የአፈር ቁልሎች፣ እያንዳንዱ ላይ ብረት ተተክሏል፤ ብረቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ነው። ጉልቤክ ወይም ሌላ ሰው አንደኛው ቁልል ላይ ጥቂት የደረቁ አበቦች አኑሯል።

«የቱ ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው ደክሟል።

ሳቭሳን ጣቷን ማያው ላይ አደረገች። «ይሄ ነው።»

ጣቷን ሳታነሳ ቆየች። እሳቸውም ቦታውን እስኪለዩት ድረስ ጎንበስ ብለው አዩ።

ማተሚያው ወረቀቱን ቀስ እያለ አወጣው። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ አበቦቹ ከአፈሩ አይለዩም። ልታነሳላቸው እጇን ስትዘረጋ አማክ ኢሞምዶድ፣ «ሁለት አድርጊው» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ማተሚያውን ነበር የሚያዩት።

ሁለተኛውን አወጣች። አንደኛውን ይዘው አጥፈው ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ፣ «ቀለሙ እርጥብ ነው፤ ይበላሽብዎታል» አለቻቸው። «እስኪደርቅ ይቆዩ።»

ቆዩ።